ፒጂ፣ ፍሬድሪክ ወይስ ሄገርስታውን?

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ ኡበር ይሠራል፤ እኔ እዚሁ ሰፈር ነርሲንግ ሆም ውስጥ ረዳት ነርስ ነኝ። ሁለት ልጆች አሉን፤ እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ለባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በወር 2,350 ዶላር እንከፍላለን። የሁለታችን ገቢ ከታክስ በፊት በዓመት ወደ 108 ሺህ ይደርሳል፤ 38 ሺህ ደግሞ አጠራቅመናል። የባለቤቴ ወንድም ሄገርስታውን ቤት ከገዛ ወዲህ ‹ኪራይ ገንዘብ ማቃጠል ነው› እያለ እንቅልፍ ነስቶናል። የሜሪላንድ ካውንቲዎችን በቤት ርካሽነት በደረጃ የሚያስቀምጥ ዝርዝርም ልኮልናል። ባለቤቴ ልቡ ፍሬድሪክ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ፒጂ (ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ) ግዙ ትላለች። እኔን ግራ ያጋባኝ ዝርዝሩ ነው። ሃዋርድ ካውንቲና ፒጂ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሃዋርድ ደግሞ መቼ ነው የረከሰው? የት እንግዛ? — ግራ የገባት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ»

እህቴ፣ ዝርዝሩ አልዋሸም። ግን ስለ እናንተ የሚያወራው ነገር የለም።

እንደዚህ ያሉ ዝርዝሮች አብዛኞቹ የሚሠሩት በአንድ ቀላል ስሌት ነው። የካውንቲው መካከለኛ የቤት ዋጋ ለካውንቲው ነዋሪ መካከለኛ ገቢ ይካፈላል። ውጤቱ ዝቅ ካለ ካውንቲው «ርካሽ» ይባላል። አሁን ሃዋርድን እንይ። በሕዝብ ቆጠራ ቢሮው የ2018–2022 ጥናት መሠረት የሃዋርድ ቤተሰብ መካከለኛ ገቢ 140 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ባለቤቶች የሚኖሩበት ቤት መካከለኛ ዋጋ ደግሞ ከ500 ሺህ በላይ ነው። በፒጂ ገቢው 98 ሺህ ገደማ ነው፤ የቤቱ ዋጋ ከ400 ሺህ በታች። ስታካፍይው ሁለቱም ወደ 4 ይጠጋሉ። ሃዋርድ «ርካሽ» የሆነው ቤቱ ረክሶ አይደለም፤ እዚያ የሚኖረው ሰው ደህና ስለሚከፈለው ነው።

እናንተ ግን ሃዋርድ ስትገቡ ሃዋርዶች የሚያገኙት ደመወዝ አብሮ አይሰጣችሁም። የእናንተ ገቢ 108 ሺህ ነው፤ የትም ብትሄዱ ያው ነው። በእናንተ ገቢ ሲካፈል ሃዋርድ ወደ 5 ይወጣል፤ ፒጂ ከ4 በታች ይወርዳል። ስለዚህ ማንም ዝርዝር ቢልክልሽ የገቢውን ዓምድ ሸፍኚና የራስሽን ጻፊበት። ዋጋውንም ቢሆን አትመኚው፤ የቆየ ነው፤ ዛሬ ገበያ ላይ ያለው ከዚያ ከፍ ብሏል።

አንድ ነገር ደግሞ ከዚሁ ጋር ልብ በይ። በየቦታው «አፎርደብል» (ለአቅም የሚመጥን) የሚል ማስታወቂያ ታያለሽ። ያ ቃል የሚለካው በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው፤ የፌደራሉ የቤቶች መሥሪያ ቤት ደግሞ ሞንትጎመሪን፣ ፒጂንና ፍሬድሪክን ከዲሲና ከሰሜን ቨርጂኒያ ጋር በአንድ ቋት ነው የሚቆጥራቸው። በ2024 ለዚህ ቋት የወጣው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ 154,700 ዶላር ነበር። ሃያትስቪል ውስጥ ለሚሠራ ሕንጻ «አፎርደብል» ሲባል ቤተስዳና ፌርፋክስ ያሉት፣ ደህና የሚከፈላቸው ሰዎች ገቢም ተቆጥሮ ነው። እኔ በበኩሌ ይሄ ነገር ፒጂን ይጎዳል ባይ ነኝ፤ ግን እሱን ሌላ ቀን።

ወደ ታክሱ ልምጣ። ሰዎች የቤት ዋጋ ሲያወዳድሩ ታክሱን እንደ ትርፍ ነገር ያዩታል። እንደዚያ አይደለም። ባልቲሞር ሲቲ ከማንኛውም ካውንቲ ውጭ ያለ፣ ራሱን የቻለ ከተማ ነው፤ የንብረት ታክሱ ከእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት 2.248 ነው። ከተማዋን ከሞላ ጎደል የከበባት ባልቲሞር ካውንቲ ግን 1.10 ብቻ ይወስዳል። የስቴቱ 0.112 በሁለቱም ላይ ይጨመራል። የ250 ሺህ ዶላር ቤት ከመስመሩ ወዲህ በዓመት 5,900 ዶላር ያስከፍላል፤ ከመስመሩ ወዲያ 3,030። ያው ቤት፣ ያው ጡብ። ባልቲሞር ሲቲን ያነሳሁት ዝርዝሩ ላይ ከላይ ስለሚቀመጥና የባለቤትሽ ወንድም ነገ እሱንም ሊያመጣው ስለሚችል ነው። ካመጣው ሌላም ነገር ጠይቁ፦ የመሬት ኪራይ አለው ወይ? እዚያ ብዙ ቤት ባለቤቱ ቤቱን እንጂ መሬቱን አይገዛም፤ ለመሬቱ በየስድስት ወሩ ትንሽ ኪራይ ይከፍላል። ትንሽ ነው ብሎ የተወው ሰው ግን መጨረሻው ላያምር ይችላል።

በገቢ ታክሱ በኩል ሩቅ አትሂዱ። ሜሪላንድ ውስጥ ካውንቲዎችም የራሳቸውን የገቢ ታክስ ይሰበስባሉ። ሞንትጎመሪ፣ ፒጂና ሃዋርድ ሦስቱም 3.2 በመቶ ናቸው። ለዚህ ብሎ ቤት መቀየር ዋጋ የለውም።

የንብረት ታክሱ ላይ ግን ገና አልጨረስኩም፤ ብዙ ሐበሻ የሚነደፈው እዚህ ጋ ነው። ቤት ታያላችሁ። ሪልተሩ (የቤት ደላላው) ወረቀት ያወጣል፤ «ታክሱ በዓመት 3,900 ነው» ይላል። እውነቱን ነው። ግን ያ ሻጩ የሚከፍለው ነው። ሜሪላንድ ቤትን የምትገምተው በ3 ዓመት አንዴ ነው። በራሱ ቤት ለሚኖር ባለቤት ደግሞ ታክስ የሚጣልበት ግምት በዓመት ከተወሰነ መቶኛ በላይ እንዳይጨምር የሚያደርግ ሆምስቴድ የሚባል ቅናሽ አለ። ጣሪያው በየካውንቲው ይለያያል፦ ባልቲሞር ሲቲ 4 በመቶ፣ ፍሬድሪክና ሃዋርድ 5፣ ሞንትጎመሪ 10። ሻጩ 20 ዓመት የኖረበት ከሆነ ታክሱ ዝቅ ብሎ የቆየው በዚህ ነው። ቤቱ ሲሸጥ ቅናሹ አብሮ አይተላለፍም፤ የእናንተ ሂሳብ ከሙሉው ግምት ይጀምራል። ስለዚህ የሻጩን ታክስ ተዉት። የስቴቱ የግምገማ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አድራሻውን ካስገባችሁ ሙሉ ግምቱ፣ ቤቱ ባለፈው የተሸጠበት ዋጋና የሻጩ ሆምስቴድ በነጻ ይታያል። ግምቱን በካውንቲው ተመን ማባዛት የእናንተ ሥራ ነው። ለፒጂ ልዩ ልዩ ተጨማሪዎቹንና የስቴቱን ደምራችሁ ከ100 ዶላር ወደ 1.5 ያዙ።

ባለቤትሽ ፍሬድሪክ ሲል «ከተማው ውስጥ ወይስ ካውንቲው ውስጥ?» ብለሽ ጠይቂው። ፍሬድሪክ ሲቲ የራሱ ማዘጋጃ ቤት አለው፤ የራሱ ታክስም አለው። ካውንቲው ለከተማው ነዋሪ ትንሽ ይቀንሳል፤ ድምሩ ግን ከከተማው ክልል ውጭ ካለው ከፍ ይላል። እናንተ ይህን አላየችሁትም፤ ምክንያቱም ሲልቨር ስፕሪንግ ይህን ያህል ሰው ይዞ ከንቲባ እንኳን የለውም፤ ካውንቲው ነው በቀጥታ የሚያስተዳድረው። ሮክቪል፣ ታኮማ ፓርክ፣ ሃያትስቪል ግን የከተማ ታክስ አላቸው። ለፍሬድሪክ ፍትሕ ለመስጠት ደግሞ፦ ቤት ሲዛወር ሞንትጎመሪ 1 በመቶ፣ ፒጂ 1.4 በመቶ የትራንስፈር ታክስ ይወስዳሉ፤ ፍሬድሪክ ካውንቲ የለውም። ደስ አይበለው፤ ሰነዱ ሲመዘገብ በሚከፈለው በሪኮርዴሽን ታክስ ከየ1,000 ዶላሩ 14 ዶላር እየወሰደ ያካክሰዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። መንገድ።

ከፍሬድሪክ ሲልቨር ስፕሪንግ 40 ማይል ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 80። ዛሬ በቀን 10 ማይል ነጂ እንበል፤ ጭማሪው 70 ይሆናል። በወር 20 ቀን ብትሠሪ 1,400 ማይል ነው። የፌደራሉ ታክስ መሥሪያ ቤት ለ2025 ለአንድ ማይል ያወጣው ተመን 70 ሳንቲም ነው፤ ቤንዚኑን ብቻ ሳይሆን ጎማውን፣ ዘይቱን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት ጭምር ታስቦ። 1,400 በ0.70 ሲባዛ 980 ዶላር። በወር! ያውም ያንቺ ብቻ ነው። ባለቤትሽ ደንበኛ የሚያገኘው ዲሲና ኤርፖርት ከሆነ ጠዋትና ማታ ያን ሁሉ መንገድ ባዶ መኪና ይነዳል። ለባዶ ወንበር ማን ይከፍለዋል?

«ባቡር አለ» ይላል ባለቤትሽ፤ አውቃለሁ። የማርክ ብራንዝዊክ መስመር አንዱ ቅርንጫፍ ከፍሬድሪክ ተነስቶ በሮክቪልና በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ዩኒየን ስቴሽን ይገባል። ቢሮ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። ግን ባቡሩ ለቢሮ ሰዓት የተሠራ ነው፤ ጠዋት ወደ ከተማ፣ ማታ ወደ ቤት። ቅዳሜና እሑድ የለም። ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚሠራ ሰው ሽፍቱ በ3 ሰዓት ማታ ሲያልቅ፣ እሑድ ተራው ሲደርስ፣ በምን ይመለሳል? በ270 ሃይዌይ ነዋ።

ለዚህ ነው ቤትን ብቻውን ማወዳደር የማልወደው። ከገቢ 30 በመቶ የሚለውን የቤት ወጪ ልኬት ሁሉም ያውቀዋል። ቺካጎ ያለ አንድ የጥናት ማዕከል ቤትና ትራንስፖርት አንድ ላይ ተደምረው ከገቢ 45 በመቶ እንዳይበልጡ የሚል ልኬት አለው። ለእኛ ዓይነት ሰው ይሄኛው ይበልጥ ይጠቅማል። የእናንተ የወር ገቢ 9,000 ነው፤ 45 በመቶው 4,050።

በዚህ እንለካ። የ350 ሺህ ዶላር ታውንሀውስ እንውሰድ። 5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ስትከፍሉ ብድሩ 332,500 ይሆናል። በ6.5 በመቶ ወለድ፣ በ30 ዓመት፣ የወር ክፍያው 2,100 ነው። ፒጂ ከሆነ ታክሱ ወደ 435። የቤት ኢንሹራንስ፣ የሞርጌጅ ኢንሹራንስና ኤችኦኤ (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር መዋጮ) ወደ 370 ያዙላቸው። ወደ 2,900 ገባን። ከገቢያችሁ 32 በመቶ ነው፤ ጠበብ ይላል፤ ግን ያስኬዳል። ሎረል ወይም ሃያትስቪል አካባቢ ከሆነ መኪናችሁ ዛሬ ከሚሄደው ብዙም አይርቅም። ያው ቤት ፍሬድሪክ ቢሆን ታክሱ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፤ በላዩ ግን ያንቺን 980 ጨምሪ። 3,800ን አለፍን፤ የባለቤትሽን መንገድ ገና ሳንቆጥር፣ ዛሬም ያለውን የመኪና ወጪ ሳንነካ። ፍሬድሪክ መጥፎ ቦታ አይደለም፤ ለእናንተ ሥራ ግን ውድ ነው።

ሄገርስታውንስ? የባለቤትሽን ወንድም አትፍረጂበት። ሄገርስታውን የ70 እና የ81 ሃይዌዮች መገናኛ ላይ ነው ያለው፤ በዙሪያው ትልልቅ መጋዘኖች ሞልተዋል። ሥራው እዚያው ከሆነ ቤቱም እዚያው ረክሶለታል። ከዲሲ ግን 70 ማይል ነው። ወይ ሁለታችሁም ሥራ ቀይራችሁ ትሄዳላችሁ፤ ወይ አትሄዱም። መሃል ላይ ሆኖ መኖር የለም።

«ኪራይ ገንዘብ ማቃጠል ነው» ያለው ላይ ደግሞ አልስማማም፤ በተለይ ለእናንተ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ በ2023 የኪራይ ጣሪያ ሕግ አውጥቷል፤ ከሐምሌ 2024 ጀምሮም ይሠራል። ከ23 ዓመት በላይ የሆነው ሕንጻ ውስጥ ኪራይ በዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚጨመረው፤ ጭማሪው የዋጋ ንረቱ ላይ 3 በመቶ ተደምሮበት ነው፤ ምንም ቢሆን ከ6 በመቶ አይበልጥም። ፒጂም በ2024 ተመሳሳይ ቋሚ ሕግ አጽድቋል። አፓርታማችሁ አሮጌ ከሆነ የእናንተ 2,350 በዘፈቀደ አይዘልም ማለት ነው። ይህን ለቅቃችሁ ስትወጡ የምትተዉትን እወቁ። አንድ ዓመት ቆይቶ ዳውን ፔይመንት ማሳደግ ሽንፈት አይደለም።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ባለቤትሽ ኡበር ነው። ባንኩ ስለ 108 ሺህ ያንቺን ቃል አይቀበልም፤ ብዙ ጊዜ የ2 ዓመት የታክስ ወረቀት ያያል። ሾፌር ደግሞ ታክስ ሲሠራ ማይሉን ይቀንሳል። በዓመት 40 ሺህ ማይል ቢነዳ፣ በ70 ሳንቲም 28 ሺህ ዶላር ከገቢው ላይ ይወርዳል። ሚያዝያ ላይ ያስደስታል፤ ቤት ሊገዛ ሲል ያ 28 ሺህ ባንኩ ዓይን ውስጥ የለም። የመኪናውን ማርጀት የሚወክለውን ክፍል አበዳሪዎች መልሰው ይደምሩለታል፤ ሁሉንም ግን አይደለም። ስለዚህ ቤት ማየት ከመጀመራችሁ በፊት ሎን ኦፊሰር (የቤት ብድር የሚያዘጋጅ ባለሙያ) ዘንድ ግቡ። የታክስ ወረቀቱን ይዛችሁ። የምትችሉትን ቁጥር ከእሱ ሳትሰሙ እሑድ እሑድ ኦፕን ሀውስ መዞር ልብ ማድማት ነው።

ሞንትጎመሪንም ጨርሳችሁ አትተዉት። ካውንቲው ከ1974 ጀምሮ ኤምፒዲዩ የሚል ፕሮግራም አለው፤ አዲስ ሰፈር የሚሠራ ኩባንያ ከቤቶቹ የተወሰኑትን በዝቅተኛ ዋጋ እንዲሸጥ ወይም እንዲያከራይ ያስገድዳል። ኮርስ ትወስዳላችሁ፣ የባንክ ደብዳቤ ታቀርባላችሁ፣ ከዚያ ዕጣ ነው። የመጀመሪያ ቤት ገዢ መሆን አለባችሁ። የገቢ ጣሪያው በቤተሰብ ቁጥር ይለያያል፤ እናትሽ አብረዋችሁ ስለሚኖሩ ይቆጠራሉ፤ አምስት ሰው ናችሁ። ገቢያችሁ ከጣሪያው ውጭ አይመስለኝም፤ ካውንቲው ግን በየዓመቱ ስለሚቀይረው የዘንድሮውን እዩ። ጉዳቱም አለ፦ በ30 ዓመት ውስጥ ብትሸጡት ዋጋውን የሚወስነው ካውንቲው ነው፤ በገበያ ዋጋ ሸጦ መክበር የለም። እኔ ቤቱን ለመኖሪያ ለሚፈልግ ሰው ይሄ አያስከፋም ብዬ አምናለሁ። ባለቤትሽ ላይስማማ ይችላል።

ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የ200 ሺህ ኮንዶ አየን ብላችሁ ደግሞ እንዳትሯሯጡ። አሮጌ ኮንዶ በወር የሚያስከፍለው ፊ አንዳንዴ የግማሽ ኪራይ ያህል ነው። ውሃና መብራት ጨምሮ እንኳን ይከብዳል፤ ደግሞ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

እናትሽን ያነሳሽው ባጭሩ ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ አስቤባቸዋለሁ። መኪና አይነዱም ብዬ ልገምት። የካውንቲው ራይድ ኦን አውቶቡስ ከሰኔ 2025 መጨረሻ ጀምሮ በነጻ ነው፤ ወጣ ብለው እንጀራ ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ክሊኒክ ይደርሳሉ። የልጆቹ ትምህርት ቤት ማስታወቂያ በአማርኛ ይመጣላቸዋል። ፍሬድሪክ ዳር ያለ ታውንሀውስ ውስጥ ግን ሁላችሁም ሥራ ስትሄዱ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን ጋር ናቸው። ልጆቹን የሚጠብቁልሽም እሳቸው ከሆኑ የእሳቸው መድከም የዴይኬር ዋጋ ሆኖ ይመጣብሻል። ዝርዝሩ ላይ ይህ ዓምድ የለም።

ስለዚህ ምክሬ፦ መጀመሪያ ሎን ኦፊሰር፣ ጎን ለጎን የኤምፒዲዩ ኮርስ፣ ከዚያ ፒጂ። ፒጂ ውስጥ ከሲልቨር ስፕሪንግ ጋር የሚዋሰኑትን ሰፈሮች አስቀድሙ። ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግና በላንግሊ ፓርክ አድርጎ ኒው ካሮልተን የሚደርሰው ፐርፕል ላይን እየተሠራ ነው፤ ሥራው ከ2017 ጀምሮ ሲጎተት ቆይቷል፤ ስለዚህ ዛሬ ባቡሩ እንዳለ አድርጋችሁ ዋጋ አትክፈሉ። አዲስ ቤት ከሆነ ኦፈር ከመጻፋችሁ በፊት «ፍሮንት ፉት ፊ አለው?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ለውሃና ለፍሳሽ መስመር ዝርጋታ ተብሎ በየዓመቱ ለግል ኩባንያ የሚከፈል ገንዘብ ነው፤ ለአሥርተ ዓመታት ይቆያል፤ ከታክሱ ጋር ስለማይመጣ ብዙ ሰው የሚያየው ቤቱን ከገዛ በኋላ ነው። ሻጩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ቤቱን ከገዛችሁ ደግሞ ክሎዚንግ (የግዢው መፈራረሚያ) ባለቀ ሳምንት የሆምስቴድ ማመልከቻውን ሙሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው፤ ካልሞላችሁት ግን ማንም አይሞላላችሁም።